ትኩሳት የሌለው የሰውነት ቁጣ

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር፣ ከዘመድ ሠርግ በተመለስን ማግስት፣ የቡናው ስኒ ከባለቤቴ እጅ አምልጦ ወደቀ። የስኒ መውደቅ ብርቅ አይደለም። እኔን ያስደነገጠኝ ስብርባሪውን ላንሳ ብሎ ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ ማለቱ ነው። “ምን ሆንክ?” ስለው ደግሞ ምላሱ ተሳሰረ። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግያለሁና ምልክቱን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገኝም። ሰዓቴን አየሁ፤ ጎረቤት መኪና አስነሳ፤ ሆስፒታል ገባን። ስትሮክ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን ቀለል ያለው ሆኖ ዛሬ ይራመዳል፣ ይናገራል፣ ይቀልዳል። እንጀራ ሲቆርስ ግን ቀኝ እጁ እስካሁን ይሰንፍበታል።

በሦስተኛው ቀን ወጣቱ ሐኪም ከአልጋው ራስጌ ቆሞ፣ “ሲስተር፣ ቤት ውስጥ አመጋገባችሁ እንዴት ነው?” አለኝ። ቅር እያለኝ፣ “የሀገራችንን ምግብ ነው የምንበላው። በርገርና ፒዛ ቤታችን አይገባም” አልኩት። “በወር ስንት ሊትር ዘይት ትጨርሳላችሁ? ስኳርስ?” ሲለኝ መልስ አጣሁ። የሰውን አመጋገብ ስጠይቅና ስገስጽ የኖርኩ ሴት የራሴን ማጀት አላውቀውም ነበር።

በሥራ ዘመኔ ለበሽተኛ የገባና የወጣ የምንመዘግብበት ቻርት ነበረን። ምን ያህል ጠጣ፣ ስንት ሲሲ ግሉኮስ ተሰጠው፣ ስንት ሲሲ ሸና፤ ሁሉም በየሰዓቱ ይጻፋል። ባለቤቴ ከሆስፒታል እንደወጣ ያንኑ ዓይነት ቻርት ለቤቴ አዘጋጀሁ። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ከደብተሯ መሐል ሁለት ወረቀት ገንጥላ ሰጠችኝና እሷው ጸሐፊ ሆነች። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሴት ልጄ፣ ባሏና ሁለት ልጆቻቸው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስድስት ነፍስ ነን። ለ14 ቀን ከሱቅም ከገበያም የገባውን ሁሉ መዘገብን።

በአንደኛው ዓምድ 5 ሊትር የሚረጋ ዘይት፣ 4 ኪሎ ስኳር፣ 18 ጠርሙስ ለስላሳ፣ 11 ፓኬት ብስኩት፣ በየቀኑ ነጭ ዳቦ፣ ሁለት ጊዜ ሞርታዴላ ተጻፈ። በሌላው ዓምድ ሁለት እስር ጎመን፣ ጥቂት ቲማቲምና ካሮት፣ አንድ ኪሎ ሙዝ። ስሌቱን ሠራሁት። ዘይቱ ለእያንዳንዳችን በቀን 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳል፤ አራት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ስኳሩ 48 ግራም ገደማ ነው፤ 12 የሻይ ማንኪያ። ለስላሳውና ብስኩቱ ሳይጨመር ነው ይኼ። “ጤነኛ የሐበሻ ምግብ” ያልኩት ይህ ነበር።

ያንን ወረቀት ይዤ ብዙ አነበብኩ፤ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼም ጋር ተነጋገርኩ። በየቦታው የሚገጥመኝ አንድ ቃል ነበር፤ ብግነት። ዛሬ ስለእሱ ላጫውታችሁ።

የወዳጅ ቁጣና ያደረ ቁጣ

እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። እነዚህን አራት ምልክቶች ከ2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሮማው ጸሐፊ ሴልሰስ መዝግቧቸዋል፤ እኛም በነርሲንግ ትምህርት ቤት እንደ ዳዊት ደግመናቸዋል። በሕክምናው ኢንፍላሜሽን የሚሉት ነው፤ በአማርኛ ብግነት ወይም መቆጣት እንለዋለን። ይህ ቁጣ የወዳጅ ቁጣ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይሮጣሉ፣ ጀርሙን ይዋጋሉ፣ የተጎዳውን ያጸዳሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ቁጣው ይበርዳል፣ ቁስሉ ይድናል። ይህ ባይኖር በአንዲት እሾህ በሞትን ነበር።

ችግሩ ቁጣው ሳይበርድ ሲያድር ነው። እንደ ያደረ ቂም ውስጥ ውስጡን ይሠራል። አይቀላም፣ አያብጥም፣ ትኩሳት አያመጣም፤ ሰውየውም “ምንም አላመመኝም” ይላል። ነገር ግን ለጦርነት የተዘጋጁት ኬሚካሎች በደም ውስጥ በትንሽ በትንሹ ሳይቋረጡ ይመላለሳሉ። የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳሉ። በግድግዳው ውስጥ ኮሌስትሮል ሲጠራቀም ነጭ የደም ሕዋሳት ተከትለው ይገባሉ፣ ስቡን ይውጣሉ፣ እዚያው ይሞታሉ፤ ክምሩም ያድጋል። አንድ ቀን ክምሩ ሲፈነዳ ደም ይረጋበትና ሥሩን ይዘጋዋል። ልብ ላይ ከሆነ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት ነው፤ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው። ይኸው ብግነት ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያውካል፤ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም መንገድ ይጠርጋል። የአንዳንድ ካንሰሮችም ተባባሪ ነው።

ይህን ዝምተኛ ቁጣ ለመለካት ከሚረዱ የደም ምርመራዎች አንዱ ሲአርፒ ይባላል። ጉበታችን ብግነት ሲኖር የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ነው መጀመሪያ የተገኘው። ለብዙ ዘመን የምንጠቀምበት ለኢንፌክሽን ብቻ ነበር። በ1997 ግን ሪድከር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ የሚመስሉ ወንዶችን ደም መርምረው አንድ ነገር አሳዩ። ሲአርፒያቸው ከፍተኛ ከሆነው ሩብ ውስጥ የነበሩት፣ ዝቅተኛ ከሆነባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኋለኞቹ ዓመታት በልብ ጥቃት የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ፣ በስትሮክ ደግሞ ወደ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በረቀቀው የሲአርፒ ምርመራ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ለልብ ያለው ሥጋት ዝቅተኛ፣ ከ3 በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል። ከ10 በላይ ከሆነ ጉንፋን ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ ሲሻልዎት ይደገም ይላል።

በ2017 ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ይፋ ሆነ። የተሰጣቸው መድኃኒት ኮሌስትሮልን አይነካም፤ ብግነትን ብቻ ያበርዳል። በመካከለኛው መጠን የወሰዱት ሰዎች ላይ የልብ ጥቃት፣ ስትሮክና በልብ ምክንያት የሚመጣ ሞት 15 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ኢንፌክሽንንም ያጋልጣል፤ ስለዚህ ለሁሉ የሚታዘዝ አይደለም። ዋናው ትምህርቱ ግን ብግነት የልብ ሕመም ምልክት ብቻ ሳይሆን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ ነው።

ድስቱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ቁጣውን የሚያሳድሩት ነገሮች ብዙ ናቸው። ሲጋራ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ተቀምጦ መዋል፣ ያልታከመ የድድ ሕመም፣ በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆንያ አይደለም፤ ራሱ ቁጣን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ያመነጫል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ የምንገናኘው ግን በምግብ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት 210 ሺህ ያህል ሰዎችን፣ አንዳንዶቹን እስከ 32 ዓመት ድረስ ተከታትሏል። ምግባቸው ብግነትን የሚያባብስ ዓይነት የሆነባቸው ሰዎች፣ ብግነትን የሚያበርድ ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው 38 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አባባሽ የተባሉት የተቀነባበረ ሥጋ፣ ቀይ ሥጋ ሲበዛ፣ የተጣራ ነጭ ዱቄትና ስኳር ያላቸው መጠጦች ናቸው። አብራጅ የተባሉት ቅጠላ ቅጠል፣ እንደ ካሮትና ዱባ ያሉ ደማቅ ብጫ አትክልቶች፣ ያልተጣራ እህል፣ ሻይና ቡና ናቸው። አዎ፣ ቡና! እኛ ቤት ይህ ሲነበብ እልል ተብሏል። ነገር ግን የተመሰገነው ቡናው ነው፤ በስኒ ውስጥ የምንገለብጠው ሦስት ማንኪያ ስኳር አይደለም።

እንዲህ ያለ ክትትል ዝምድናን ያሳያል እንጂ ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም። አትክልት የሚበላ ሰው ምናልባት ስፖርትም ይሠራል፣ ሲጋራም አያጨስም። ስለዚህ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ሌላ ሙከራ ነው። በ2015 የታተመው ይህ ሙከራ 20 የፒትስበርግ ጥቁር አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ነዋሪዎችን ምግብ አለዋወጠ። አሜሪካውያኑ የአፍሪካውን ገጠር ምግብ፣ ባቄላውን፣ በቆሎውን፣ አትክልቱን ተመገቡ። አፍሪካውያኑ ደግሞ በርገር፣ ቋሊማና የድንች ጥብስ ቀረበላቸው። አንጀታችን የሚወደው ፋይበር ወይም አሰር ለአሜሪካውያኑ ከ14 ግራም ወደ 55 ግራም አደገ፤ ለአፍሪካውያኑ ከ66 ወደ 12 ወረደ።

ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቆዩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአሜሪካውያኑ የትልቁ አንጀት ብግነት ቀነሰ፤ የአፍሪካውያኑ ጨመረ። ከአንጀት ካንሰር ጋር የሚያያዙ ሌሎች ምልክቶችም እንደዚያው ተገለባበጡ። ሁለት ሳምንት ካንሰር አያመጣም፣ አያድንምም። ነገር ግን ሰውነት የድስቱን መለወጥ እስከዚህ ቶሎ መስማቱ እኔን አስገርሞኛል።

ምስጢሩ አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ናቸው። አሰሩን እኛ መፍጨት አንችልም፤ እነሱ ግን አፍልተው ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ያደርጉታል። ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፣ ቁጣን ያበርዳል። አሰር ሲጠፋ ግድግዳው ይሳሳል፣ መግባት የሌለበት ነገር ወደ ደም ይሾልካል፣ ዘቦቹም ይቆጣሉ።

ለእኛ ቀረብ ያለ ምስክርም አለ። በ1977 ዓ.ም. አካባቢና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ነበሩ። ሐኪሞች እዚያ ሲመረምሯቸው የስኳር ሕመም የተገኘባቸው እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሕመሙ በፍጥነት ጨመረባቸው። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው፤ ደማቸውም ያው ደም ነው። የተለወጠው ማዕዳቸው፣ ክብደታቸው፣ በእግር የሚሄዱት መንገድና ኑሯቸው ነው። እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን፣ አውሮፕላን ሳንሳፈር፣ ያንኑ ጉዞ እየተጓዝን ይመስለኛል።

ከወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ

ዘይት። ዘይት በሙሉ ጠላት አይደለም። የኑግ፣ የሱፍና የወይራ ዘይት ፈሳሽ ናቸው፤ በልክ ሲሆኑ ይጠቅማሉ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ የልብ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ቅባት ነው። ንጥር ቅቤም እንደዚያው ነው። ለበዓል ዶሮ ወጥ ቅቤ አትጨምሩ ብል አማቴ ከመቃብር ይነሱብኛል፤ የምለው የዘወትር ወጥ የበዓል ወጥ አይሁን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በየመንገዱ ዳር ከጠዋት እስከ ማታ የሚፈላው ጥቁር ዘይት ነው። ሳምቡሳውም፣ ቦምቦሊኖውም፣ እርጥቡም ከዚያ ይወጣል። ዘይት ተደጋግሞ ሲሞቅ ይበላሻል፤ ቤት ውስጥም ቢሆን የተጠበሰበትን ዘይት ማጠራቀም ይቅር።

ስኳር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ የምንጨምረው ስኳር ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም ወይም ከ12 የሻይ ማንኪያ ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከግማሹ በታች እንዲሆን ይመክራል። ለሕፃን ከዚያም ያንሳል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት ስምንት ማንኪያ ማለት ነው። ለልጅ ሻይ ሲያፈሉ ስምንት ማንኪያ ይጨምራሉ? አይጨምሩም። ጠርሙሱን ግን ከፍተን እንሰጣለን።

ነጭ ዱቄት። ፉርኖ ዱቄት ገለባውና አሰሩ ወጥቶለት የቀረ ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ገለባውን ለይቶ ማውጣት አይመችም፤ ስለዚህ ከነአሰሩ ይፈጫል። ትልቅ በረከት ነው። ነጭ እንዲሆን ብለን ሩዝና ፉርኖ ስንቀላቅልበት ግን በረከቱን ራሳችን እናባክነዋለን። ቀይና ሰርገኛ ጤፍ የድሃ እንጀራ ነው ማለትም ይቅር።

የተቀነባበረ ሥጋ። ሞርታዴላና ቋሊማ ለምሳ ዕቃ ይመቻሉ። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከተረጋገጡት ተርታ መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ከፍ ያደርጋል። አልፎ አልፎ መቅመስ ሌላ ነው፤ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ውስጥ መክተት ሌላ።

በሌላው ዓምድ መብዛት የነበረባቸውስ? ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ። የአሰርና የፕሮቲን ጎተራ ናቸው፤ ለአንጀታችን ተሕዋስያን ድግስ ናቸው። የአበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። እርድ ብግነትን እንደሚያበርድ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ነገር ግን ሰውነታችን የሚቀበለው ጥቂቱን ብቻ ነውና በአልጫ ላይ ይጣፍጥ እንጂ መድኃኒት ነው ተብሎ በዱቄት አይዋጥ። ተልባ ከዘይቱ ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ ሦስት ነው። ፍሬው እንዳለ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል፤ እናቶቻችን ወቅጠው ማድረጋቸው ትክክል ነበር። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መውቀጥ ይሻላል፤ ተወቅጦ የቆየ ተልባ ይበላሻል።

እነዚህ አዲስ ምግቦች አይደሉም። በጾም ወራት ከእናቶቻችን ምጣድና ድስት ያልጠፉ ናቸው። ሆኖም በ2015 እ.ኤ.አ. በሀገራችን በተደረገ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች ከ95 በላዩ በቂ ፍራፍሬና አትክልት እንደማይመገቡ ታውቋል። ጾሙንም ቢሆን እንመርምረው። ፍስክ አለመብላት ብቻውን አይበቃም፤ ሽሮው በዘይት ተንሳፎ፣ መክሰሱ የጾም ኬክ፣ መጠጡ ለስላሳ ከሆነ ሰውነት አልጾመም። የረመዳን ማፍጠሪያውም ቴምርና ሾርባ ሆኖ ሲጀመር ግሩም ነው፤ ሳህኑን ሳምቡሳ ብቻ ሲሞላው ነገሩ ይለወጣል።

ፍቅራችን በጠርሙስ

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ለዓመታት ቁስል በማጥባቸው ክፍሎች የስኳር ሕሙማንን እግር አክሜአለሁ። ጣት የተቆረጠላቸው፣ እግር የተቆረጠላቸው ብዙ ነበሩ። ከአልጋቸው ሥር ግን ጠያቂ ያመጣው ለስላሳና ጁስ ተደርድሮ አገኛለሁ። ቤተሰቡን እቆጣ ነበር። “ምን ይዘን እንምጣ ታዲያ? ባዶ እጅ ነውር ነው” ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ሀገር ጣፋጭ ነገር የፍቅር ቋንቋ ነው።

እኔም ያንኑ ቋንቋ ስናገር ኖሬአለሁ። የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ከቀሚሴ ኪስ ከረሜላ አወጣለሁ። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስላሳ ይዞ ይገባል። ልጄ “እማዬ፣ ተይ ጥርሳቸው አለቀ” ስትለኝ፣ “አንቺንስ በምን አሳደግሁሽ?” እላት ነበር። እሷን ያሳደግኋት በቆሎና በጠላ ቂጣ ነው፤ ለስላሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር የምታየው። ይህን ረስቼው ነበር።

ወረቀቱን ለቤተሰቡ ባነበብኩ ቀን ጸጥታ ሆነ። ከዚያ የልጅ ልጄ፣ “እማማ፣ አባባን ያሳመመው እኔ የጻፍኩት ነው?” ብላ ጠየቀች። እንባዬ መጣ። “አይደለም ልጄ፤ ብዙ ነገር ነው ያሳመመው። ግፊቱም ነበረበት፣ ሲጋራም ያጨስ ነበር፣ ዕድሜውም አለ። አንቺ የጻፍሽው ግን እኛ ልናስተካክለው የምንችለውን ነው” አልኳት። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። ምግብ ከምክንያቶች አንዱ ነው፤ ማንም ታማሚ “በልተህ አመጣኸው” ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

ለውጡ በሰላም አልሄደም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት፣ “ጡረታ ወጣሁ ብለሽ እኔን ተረኛ በሽተኛ አደረግሽኝ!” ብሎ አኮረፈ። አማቼ ዳቦውን ደብቆ ሲበላ ተገኘ። እኔም ቢሆን በሦስተኛው ቀን ስኳር የሌለው ሻይ ፊቴን አኮማተረው። ስለዚህ መከልከሉን ትተን መቀነሱን ያዝን። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ በሁለተኛው ሳምንት ወደ አንድ። ዘይት ከጀሪካን መገልበጥ ቀርቶ በማንኪያ እየተለካ ይገባል፤ ሽንኩርቱ በውኃ ይቁላላል፣ ዘይቱ በኋላ ይከተላል። ለስላሳ ለልደትና ለበዓል ብቻ ሆነ። ለመክሰስ ቆሎ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ሙዝ፣ ድንች ቅቅል። ከከረሜላው ይልቅ ከኪሴ ለውዝ ማውጣት ጀመርኩ፤ ለትንሹ ልጅ ግን እንዳያንቀው ፈጭቼ ነው የምሰጠው።

ከሦስት ወር በኋላ ቻርቱን ደግመን ሞላነው። በ14 ቀን 2 ሊትር ዘይት፣ አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር፣ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ። ከዘይቱና ከስኳሩ የተረፈው ገንዘብ ጎመኑን፣ ካሮቱንና ፍራፍሬውን ገዛ። ፍራፍሬ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከአፕል ይልቅ ሙዝና ብርቱካን፣ እሱም ካልተቻለ ጎመንና ዱባ የምለው። የባለቤቴ ወገብ ከ104 ሴንቲ ሜትር ወደ 97 ወረደ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ሥጋቱ መጨመር ይጀምራልና ገና መንገድ ይቀረዋል። መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይወስዳል፣ ጠዋት ጠዋት ይራመዳል፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር ምግቡ አደረገው አልልም።

ሳይጠይቁ አይጀምሩ

እንደ ድሮ ሙያዬ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር።

1. በምግብ ተማምነው የግፊት፣ የስኳር ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት አያቋርጡ። ምግቡ መድኃኒቱን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

2. ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግቡን ድንገት ከቀነሰ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ከሐኪሙ ጋር መጠኑን ያስተካክል። ላብ ላብ ሲለውና ሲንቀጠቀጥ የሚወስደው ከረሜላም ከኪሱ አይጥፋ።

3. ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ጎመንና ቆስጣ በድንገት ቢያበዙ መድኃኒቱ ሊደክም ይችላል። የኩላሊት ሕሙማንም ጥራጥሬና ፍራፍሬ ከማብዛታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

4. በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ክብደት ይቀንስ ተብሎ አይራብም። ሳህኑ ይሻሻል እንጂ አይጉደል። ከስተው የደከሙ አረጋውያንም እንደዚሁ፤ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ለእነሱ አስፈላጊ ነው።

5. ጨውን አይርሱ። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው የሚፈቀደው፤ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣውና በሾርባ ዱቄቱ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

እርስዎም ከዛሬ ጀምረው ለ14 ቀን የቤትዎን የገባ ይመዝግቡ። ማንንም አይቆጡ፣ ምንም አይከልክሉ፤ ይጻፉ ብቻ። መጻፍ የሚወድ ልጅ ካለ ጸሐፊ ያድርጉት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ዘይቱንና ስኳሩን ለቤተሰቡ ቁጥርና ለ14 ያካፍሉት። ከዚያ በኋላ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ወረቀቱ ይነግራችኋል።

የእኛ ወረቀት እስካሁን ከማብሰያው ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ከሥሩ ቆሞ ጎመን ሲቀነጥስ አገኘሁት። ሐኪሙ ጣቶችህን አሠራቸው ብሎታል። ዘንጉን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ቅጠሉን ይሸለቅቃል፤ ይሰንፍበታል፣ ይደግመዋል። የልጅ ልጄ አጠገቡ ቆማ “ጎበዝ አባባ!” ትለዋለች። ከረሜላ አልጠየቀችኝም፤ ጎመኑን ግን ዛሬም አትወደውም። እንለምድ ይሆናል።